ፋይበር፣ የመዳብ መስመር ወይስ የሲም ራውተር? ስለ ቤት ኢንተርኔት ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ የኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ስለ ቤት ኢንተርኔት ምርጫ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እሱን ከአቅራቢው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቆየ የቤት ስልክ መስመር አለኝ። በዚያው ብሮድባንድ ላስገባ ወይስ ፋይበር ልጠይቅ?

ፋይበር (በቀጭን የብርጭቆ ገመድ የሚመጣው መስመር) ብሎክዎ ድረስ ከደረሰ ሌላ ነገር አያስቡ፣ እሱኑ ያስገቡ። በስልክ ሽቦ ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል በወረቀት እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል ቢባልም፣ ይህ የሚገኘው ሽቦው ከማከፋፈያው እስከ ቤትዎ ያለው ርዝመት አጭር ሲሆን ብቻ ነው። አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ከሆነ ጥቂት ሜጋቢት ማግኘትም ዕድል ነው። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ሽቦው በየመንገዱ ዞሮ በሚመጣበት እንጂ በአየር ላይ አይደለም።

ከርቀቱ የባሰው ግን የመገጣጠሚያው ነገር ነው። አንድ ደንበኛ ክረምት በገባ ቁጥር ኢንተርኔታቸው እንደሚጠፋ ነግረውኝ ሄድኩና ከደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ስከፍት፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ ከዝናብ እንዲድን በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ፌስታሉ ውስጥ ውኃ አቁሯል። ሞደም ቢቀይሩ፣ ፓኬጅ ቢያሳድጉ ያ መስመር አይሻሻልም ነበር። ሽቦውን ቆርጠን እንደገና ስንቀጥለው በዚያው ቀን ተስተካከለ። የፋይበር ገመድ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እንዲህ ያለ ዝገት አያገኘውም። ጠላቱ ቆፋሪና መታጠፍ ነው።

ፋይበሩ ገና ካልደረሰና የግድ በመዳቡ መጠቀም ካለብዎት፣ በሞደሙ ገጽ (በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብራውዘር በሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ «ኖይዝ ማርጂን» የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ሲግናሉ ከሽቦው ረብሻ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ነው። ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላልና፣ ፍጥነት ከመጨመርዎ በፊት ጥገና ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቤት ነው የምሠራው። የሲም ራውተር ገዝቼ ስፒድ ቴስት ሳደርግ 40 ሜጋቢት ያሳየኛል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ስገባ ግን ድምፄ ይቆራረጣል። ምን ይሆን?

ያ 40 የመቀበያ ፍጥነት ነው። ስብሰባ ላይ ግን እርስዎም ምስልና ድምፅ ይልካሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የመላኪያውን ፍጥነት፣ ቀጥሎም ፒንግ የሚባለውን የምላሽ ጊዜ ይዩ። ፒንጉ አንድ ጊዜ 40፣ ሌላ ጊዜ 300 ሚሊሰከንድ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ የመቀበያው ፍጥነት መቶ ቢሆንም ድምፅዎ ይቆራረጣል።

ምክንያቱም የአንድ የሞባይል ኔትወርክ ማማ አቅም በዙሪያው ላሉ ስልኮችና ራውተሮች ሁሉ የሚከፋፈል መሆኑ ነው። ፋይበርም በአንድ መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚካፈል ቢሆንም፣ ያ የጋራ መስመር ወደ ቤት በኩል 2.5 ጊጋቢት ገደማ ስለሚይዝ መጣበቡ ብዙም አይሰማም። ሁልጊዜ የምመክረው፣ የሲም ራውተር ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ድርጅት ሲም ስልክዎን ይዘው፣ ራውተሩን በሚያስቀምጡበት ቦታ ቆመው፣ ጧት አንድ ጊዜ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲፈትኑ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ድርጅት ሲም ማነጻጸር ተችሏል። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ የፊት ለፊቱ ክፍል ለኢትዮ ቴሌኮም፣ የጓሮው ለሌላው ሲስማማ አይቻለሁ።

አሁን ራውተሩ በእጅዎ ስላለ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያውጡና መስኮት ላይ ያስቀምጡት። በራውተሩ ገጽ ላይ «አርኤስአርፒ» የሚለው የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር (ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል) ከኔጌቲቭ 110 ወደ ኔጌቲቭ 90 ከመጣ ለውጡን ወዲያው ያዩታል።

ጥያቄ፦ 20 ሜጋ ከፍዬ ፊልም ሳወርድ 2.5 ብቻ ያሳያል። እየተጭበረበርኩ ነው?

አይደለም። የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 20ን ለ8 ሲያካፍሉ 2.5 ይመጣል፤ የከፈሉበትን ሙሉ በሙሉ እያገኙ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የትኛው ይሻላል?

ፋይበር ነው፤ ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ መሐል ላይ ያለው ማከፋፈያ ብርሃኑን የሚከፍል ብርጭቆ እንጂ መብራት የሚፈልግ ዕቃ አይደለምና። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቤትዎ ውስጥ ያለውን የፋይበር ሞደምና ራውተር ማቆየት ብቻ ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር ተብላ የምትሸጠው ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ታኖራቸዋለች። ከመሰካትዎ በፊት ግን የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የ9 ቮልት ዕቃ በ12 ቮልት ተቃጥሎ የመጣልኝ አንድና ሁለት አይደለም። የሲም ራውተር በአንጻሩ የእርስዎ ባትሪ ቢኖርም የማማው ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ ቦታ እኖራለሁ። ፋይበርም የስልክ ሽቦም የለም። ሳተላይት ያዋጣል?

መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወደ ማማው የዞረ የውጭ አንቴና ያለው የሲም ራውተር ይሞክሩ። ወጪውም ትንሽ ነው። በአንድ ቦታ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ያለው በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄዎ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ለኢሜይል አይጎዳም፣ ለስልክ ንግግር ግን ያስቸግራል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሆኖም ማንኛውንም የሳተላይት ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፈቀደው መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ግድግዳ እንዲበሳ አይፈቅዱም።

እንግዲያው የሲም ራውተር ይሁን። በሚቀጥለው ቤት ግን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ፋይበር ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ።