«አሰላለፍ» ወይስ «ማናበብ»?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። የሁለት ፍጥረታትን ዲኤንኤ ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከርን አንዳንዶች «አላይመንት»፣ ሌሎች «አሰላለፍ» ይሉታል። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአማርኛ አጠቃሎ ስጽፍ የትኛውን ልጠቀም?

መልስ፦ ጠያቂያችን ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥላቸው ፈልገዋል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አልወዳቸውም።

«ቅደም ተከተል» በሚለው ላይ ቅሬታ የለኝም። እንደ «ውጣ ውረድ» ሁሉ ከሁለት ትእዛዝ አንቀጾች የተጣመረ ስም ነው፤ የዲኤንኤ አራት ፊደላት፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ፣ የሚነበቡበት አቅጣጫ የተወሰነ ስለሆነ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚከተል መለየቱ ተገቢ ነው። በወጣትነቴ «ድርድር» ይሻላል እያልሁ እከራከር ነበር፤ መጽሐፍም በገናም የሚደረደር ስለሆነ ቃሉ ሥርዓትንም ዜማንም ይዞልኝ ነበር። ይሁን እንጂ ዲፕሎማቶች ወስደውታል።

«አሰላለፍ» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቃሉን የሚደግፉ ወገኖች ማንም የእግር ኳስ ተመልካች ይረዳዋል ይላሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው። «ሰልፍ» ከጥንት የጦር ረድፍ ነው፤ «አሰላለፍ» ደግሞ እንደ «አካሄድ» እና «አነጋገር» ሁኔታን እንጂ ድርጊትን አይነግርም። የአንድ ቡድን አሰላለፍ ያለ ተጋጣሚው ሊነገር ይችላል፤ እዚህ የተፈለገው ግን የአንዱ ፊደል በሌላው ፊደል ትይዩ መዋሉ ነው። «ሰላምታ» እና «ሰላታ» የሚሉትን ሁለት ጽሕፈቶች ብናመሳክር፣ ዝም ብለን ብናሰልፋቸው «ም» ከ«ታ» ጋር ይጋጠማል፤ በሁለተኛው ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ብንተው ግን የቀሩት ሁሉ ይገጥማሉ። ተመራማሪዎቹ ሶል ኒድልማንና ክርስቲያን ዉንሽ እ.ኤ.አ. በ1970፣ እንደ ዲኤንኤ በፊደላት ተራ ለሚጻፉት ለፕሮቲኖች ያወጡት ስልት የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ለተመሳሰለ ፊደል ነጥብ ይሰጣል፣ ለባዶ ቦታ ይቀንሳል፣ ከሚቻሉት አቀማመጦች ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘውን ይመርጣል።

ለዚህ ሥራ አማርኛ «ማናበብ» የሚል ቃል አለው። ግእዙ «ነበበ» ትርጉሙ ተናገረ ነው፤ «አንበበ» ድምፅ አውጥቶ ማንበብን ሲያመለክት፣ የእኛ «አናበበ» ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ማድረግ ይሆናል። የተገለበጠ ብራና ከዋናው ጋር ሲመሳከር አንዱ ያነባል፣ ሌላው በዓይኑ ይከተላል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ሰነድና ሒሳብ ይናበባል። ብራናን ከዲኤንኤ ጋር ማነጻጸሩ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የአንድ የመካከለኛው ዘመን ግጥም ቅጂዎችን ዝምድና ለሥነ ሕይወት በተሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መርምረዋል።

ተቃዋሚዎቼ አንድ የማልመልሰው ጥያቄ አላቸው፦ «ማናበብ» ካልን ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራም «አናባቢ» ሊባል ነው፣ «አናባቢ» ደግሞ በሰዋስው መጽሐፍ ከ«ተነባቢ» ጎን ተቀምጧል። «አናባቢው ፕሮግራም» ብለን እንዘልቀዋለን ብዬ ነበር፤ ያመነኝ የለም። ስለዚህ ጠያቂያችን መምህራቸው «አሰላለፍ»ን ከለመዱ በርእሱ ላይ እሱኑ ይጻፉ፤ ድርጊቱን በግስ ሲገልጹ ግን «አናበብን» ቢሉ ደስ ይለኛል።

ለባዶው ቦታ «ግድፈት» እንዳይሉ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። «ገደፈ» ጾም ለሻረም፣ ፊደል ለዘለለ ጸሐፊም የሚነገር፣ ጥፋተኛውን የሚያሳውቅ ቃል ነው፤ ሁለት ቅደም ተከተሎችን ብቻ ስናናብብ ግን አንዱ ፊደል ጣለ ወይስ ሌላው ጨመረ የሚለውን ማወቅ አንችልም። «ክፍተት» ማንንም አይከስም።