«ግማሽ ላይ ብደርስ» ብዬ ተስዬ ነበር፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አምና ሦስት ወር ሳይሞላኝ ጽንሱ ወረደብኝ። ዘንድሮ ሳረግዝ «እመቤቴ፣ ግማሹን ብቻ አድርሺኝ እንጂ ፍልሰታን ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ እገባለሁ፤ እየጾምኩ እየሰገድኩ እጨርሳለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አደረሰችኝ። በጤና ጣቢያው ቆጠራ 20 ሳምንቴ ነው። ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ መላወስም ጀምሯል። አሁን የንስሐ አባቴ «ብዪ፣ አትጾሚም» አሉኝ። አማቴ ደግሞ «እኛ ስንቱን ጾመን ወልደናል» ይላሉ። ስእለቴን ብተው ልጄን ያሳጣኛል ብዬ እፈራለሁ። የምውጠው የአይረን ክኒንስ ጾም ያስፈታል? ማርገዜንም እስካሁን ለጎረቤት አልተናገርኩም። ይሄስ ኃጢአት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። የንስሐ አባትሽ ያሉሽን ስሚ። ብዪ። እሳቸው ያውቁሻል፣ እኔ አላውቅሽም። ከዚህ በታች የምጽፈው የእሳቸውን ቃል ለማጽናት እንጂ ሌላ ፍርድ ለመስጠት አይደለም።

ከጾሙ ይልቅ የከበደሽ ስእለቱ ይመስለኛል። ስእለት ቀልድ አይደለም። መክብብ ምዕራፍ 5 ላይ ተስሎ ከማይፈጽም ሰው ያልተሳለ ይሻላል የሚል ቃል አለ። አንቺንም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይሆናል። ግን ስእለትን በደንብ የምታውቀውን ሐናን እናንሳ። ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ ቤተ መቅደስ አለቀሰች። ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ጠረጠራት። «ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ለአንተ እሰጠዋለሁ» ብላ ተሳለች። ሳሙኤልን ወለደች። ባሏ ሕልቃና እንደ ልማዱ መሥዋዕቱንና ስእለቱን ሊያደርስ ሲወጣ ግን እሷ ቀረች። «ሕፃኑ ጡት እስኪተው አልሄድም፤ ያኔ ይዤው እወጣለሁ» አለች። ሕልቃናም ደስ ያለሽን አድርጊ፣ እስክታስጥዪው ተቀመጪ አላት (1ኛ ሳሙ. 1፥22-23)።

የተሳለችው እሷ ናት፣ ከመንገድ የቀረችውም እሷው። እግዚአብሔር ተቀየማት የሚል አንድ ቃል አታገኚም። ጊዜው ሲደርስ ይዛው ሄደች፣ ሰጠችው። ሐና ተወልዶ ለሚጠባ ልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቀች፣ ያንቺው ገና በሆድ ነው።

ኦሪትም የሰው አቅም እንደሚያንስ አውቃ ነው ሕግ የሠራችው። ዘሌዋውያን 27፥8ን ተመልከቺ። የተሳለው ሰው የተተመነውን መክፈል ካቃተው በካህኑ ፊት ይቁም፣ ካህኑም እንደ ችሎታው ይገምትለት ይላል። ስለዚህ «ስእለቴን ተውኩ» አትበዪ። ሄደሽ «አባ፣ እንዲህ ብዬ ተስዬ ነበር» በያቸው። ጠርጥሬ ነው እንጂ ስለ ስእለቱ የነገርሻቸው አይመስለኝም። ያስተላልፉልሻል፣ ወይም በሌላ ይለውጡልሻል። ደግሞ እመቤታችንን እንደ አራጣ አበዳሪ አታስቢያት። ቀኑ አለፈ ብላ ልጅ የምትነጥቅ እናት አይደለችም።

ነሐሴ ላይ ወደ ጻድቃኔ የሚወስደው የሰላ ድንጋይ መንገድ ምን እንደሚመስል የሰሜን ሸዋ ሰው ለሰሜን ሸዋ ሰው አይነግርም። ጭጋጉ አንድ ነገር ነው፣ ጭቃው ሌላ። ሱባኤ ደግሞ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሌሊት ተነስቶ፣ ተጋፍቶ ነው። አምና ጽንስ ለወረደባት ሴት እኔ አልመክርም። ጻድቃኔ ማርያም የትም አትሄድም።

ወደ አማትሽ ልምጣ። አማትሽ ክፉ አይደሉም። የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። የእኔም እናት መንዝ ውስጥ ስምንት ወልዳለች፤ ሁሉንም ጾማ። እኔ ስማቸውን የማውቀው ግን የአምስታችንን ነው። የቀሩትን ሦስቱን አንስታ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ምጣድ እያሰሰች፣ «ከአንተ በፊት አንዲት ነበረች» ብላኝ ዝም አለች። በጾሙ ነው አልልም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። «ጾመን ወልደናል» ሲባል ግን ያቺ ዝምታ ትመጣብኛለች።

ቤተ ክርስቲያን የታመመውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ የምታጠባዋን በንስሐ አባት ፈቃድ ከጾም ታሳርፋለች። ጾም ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት ነው። አንቺ ጋ ያሉት ደግሞ ሁለት ሥጋዎች ናቸው፤ አንደኛው ለመጾም አልተስማማም። አንድ ነገር ግን አጥሪ። አንዳንዱ አባት ሰዓቱን ብቻ ይፈታል፣ ምግቡ የጾም ይሁን ይላል። አንዳንዱ ወተቱንም እንቁላሉንም ይፈቅዳል። «ብዪ» ሲሉሽ የቱን ማለታቸው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያቸው። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይመክራል። የጠዋት የገብስ ቅንጬሽን ስትበዪ አትሸማቀቂ፣ ተደብቀሽም አትብዪ። ስግደቱንም ተዪው፣ ቆመሽ አንገትሽን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መቆሙም ከከበደሽ ተቀመጪ።

ክኒኑ መድኃኒት ነው፣ ጾም አያስፈታም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ጸበሉን ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። ቀጠሮሽንም «ፍልሰታ ነው» ብለሽ አታሳልፊ።

ስለ መደበቁ ደግሞ። ሸንኮራ ዮሐንስ እያልን የምንሳልለት የመጥምቁ እናት ኤልሳቤጥ ምን አደረገች? በፀነሰች ጊዜ አምስት ወር ራሷን ሰወረች (ሉቃ. 1፥24)። አምስት ወር! ልክ አንቺ እስካሁን የቆየሽውን ያህል። መልአኩ ወደ እመቤታችን የተላከው በስድስተኛው ወር ነው። ከዚያ በኋላ እመቤታችን ቤቷ ገብታ ሰላም ስትላት ጽንሱ በማኅፀኗ ዘለለ። ኤልሳቤጥን በመሰወሯ የነቀፋት የለም። አንቺም የምትደብቂው አምና ሰው ሁሉ «ምነው፣ ምን ሆነ?» እያለ ቁስልሽን ስለነካካብሽ ከሆነ ደብቂ፤ የሆድሽ ጉዳይ ነው። ዓይን ይገባብኛል ብለሽ ክታብ አሥረሽ ከሆነ ግን ፍቺው። ይህን አልጻፍሽልኝም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ስለማየው ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን ያደረው መጋቢት 29፣ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ 275 ቀን። አምስቷ የጳጉሜን ናት። ሐኪሞች የሚቆጥሩት የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ስለሆነ 280 ይላሉ፤ ያንቺ 20 ሳምንትም ከዚያ የመጣ ነው። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ማታ ቁጭ ብዬ የእመቤታችን ግማሽ የት እንደሚወድቅ በጣቴ ቆጠርኩ። 137ኛው ቀን ነሐሴ 16 ላይ አረፈ። የፍልሰታ ዕለት፣ ጾሙ የሚፈታበት! አላመንኩም፣ ደግሜ ቆጠርኩት። ይህን ትምህርት ነው ብዬ አውደ ምሕረት ላይ አልሰብከውም። ግን እመቤታችንም በዚያ ዕለት ግማሿ ላይ ነበረችና፣ ሱባኤ ያልገባሁ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ ብለሽ እንዳትከፊ ብዬ ነው።

ፍልሰታን እቤትሽ ያዢው። የውዳሴ ማርያምና የቅዳሴ ማርያም ትርጓሜ በዚህ ሰሞን በየአጥቢያው ይሰጣል፤ ከቅርብሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ስሚ። ቀሪውን ቀን ውዳሴ ማርያምን የዕለት የዕለቱን ድገሚ።

ወደ አባትሽ ስትሄጂ አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። አንቺ ብትነግሪያቸው «ሰበብ» ይሆናል፤ ከአባ አፍ ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። ጻድቃኔ የሚሄድ ጎረቤት አይጠፋምና ጧፍሽን ላኪ፣ ሲመለስ ጸበልና እምነት ያምጣልሽ። ጎረቤትሽ «ለምን ጉዳይ ነው?» ካለሽም፣ ያኔ ልትነግሪው ትችያለሽ። በሰላም ይገላግልሽ።