ብሌን ማስፊያ ጠብታና ያበጠ የዓይን ቆብ

ጥያቄ፦ ለምርመራ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገልኝ በማግስቱ የዓይኔ ቆብ ቀልቶና አብጦ ያሳክከኛል። ባለፈው ዓመት ምንም አልሆንኩም ነበር፤ አሁን ለምን?

መልስ፦ ይህ ዓይነቱ አለርጂ የሚመጣው ሰውነት መድኃኒቱን አስቀድሞ ካወቀው በኋላ ነው፤ ያኔ በሰላም ማለፉ አያስገርምም። ብዙ ጊዜ መንስኤው በጠብታው ውስጥ ያለው ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት፣ ፌኒሌፍሪን ነው። አንዳንዴ ግን ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይሆናል። ምልክቱ ከ1 እስከ 2 ቀን ዘግይቶ ይታያል፤ ጠብታው የፈሰሰበት ጉንጭም ሊቀላና ሊላላጥ ይችላል።

አይሹት። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት። የስቴሮይድ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዓይን አጠገብ አይቀቡ፤ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። የጠብታውን ስም ጠይቀው በካርድዎ ላይ ያስመዝግቡ፤ ለሚቀጥለው ምርመራ ሐኪሙ ሌላ ጠብታ ይመርጥልዎታል። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ምላስዎ ካበጠ ወይም ዓይንዎን አጥብቆ ካመመዎት ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።