ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት መቀሱን ሳሉት

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ተደራጅተን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችንና የግለሰብ ግቢዎችን የተክል አጥር እንከረክማለን። የምንሠራው በመቀስና በመሰላል ነው። አጥሩ ከፍ ስላለ እጃችን አይደርስም፤ ሥራውም አልገፋ ብሎናል። ከከረከምን በኋላ ጫፉ እሳት የነካው ይመስላል፤ አንዳንዱም ከሥሩ እየተራቆተ ነው። ባለቤቶቹ ማማረር ጀምረዋል። ረጅም ዘንግ ያለው የሞተር መከርከሚያ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ የአጥሩ ተክል ምን እንደሆነ አልጻፋችሁም፤ መቀሳችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳለው መቼ እንደሆነም አልነገራችሁኝም። ሁለተኛውን ያልጻፋችሁት ተስሎ ስለማያውቅ ይመስለኛል። ጥያቄያችሁ ስለ ማሽን ነው፤ ሕመሙ ያለው ግን «እሳት የነካው ይመስላል» ያላችሁበት ላይ ነው። በከተማችሁ ግቢዎች ዱራንታና የፈረንጅ ጽድ በብዛት ስለሚታዩ ከሁለቱ በአንዱ ላይ እየሠራችሁ ነው ብዬ ልነሣ። በሽታ ወይም የውኃ እጥረት ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የመከርከሚያውን ቀን ቆጥሮ አይመጣም ነበር። በተከረከመ ማግሥት፣ ያውም በተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ የሚታይ መድረቅ የደነዘዘ ስለት ሥራ ነው።

ነገ ጠዋት ባለፈው ሰሞን የሠራችሁት አጥር ዘንድ ሄዳችሁ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሱና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እዩት። ስል መቀስ የቆረጠው ልሙጥ ነው፤ ልጣጩም ከእንጨቱ እኩል ያበቃል። የደነዘዘ መቀስ የቆረጠው ግን ተጨፍልቆ ክር ክር ይላል፤ ልጣጩ ወደ ታች ይላጣል፤ አጠገቡ ያሉት ቅጠሎችም ይቀደዳሉ እንጂ አይቆረጡም። በተቀደደው ጠርዝ ሁሉ እርጥበቱ እየወጣ ይደርቅና አጥሩ ቡናማ ይሆናል። እናንተ የምትፈልጉት ማሽን ስለቱ ሲደነዝዝ ይህንኑ ጥፋት በበለጠ ፍጥነት ያደርሳል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለጊዜው አቆዩትና መሳል ተማሩ።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ አንድ ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ጥቂት የሞተር ዘይትና ቁራጭ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ስለቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ በነጭ ጋዝ ባራሳችሁት ጨርቅ ጥረጉ። በተለይ የጽድ ሙጫ ካልጠራ የሞረዱን ጥርስ ይደፍነዋል። ከዚያ መቀሱን ከፍታችሁ አንዱን ምላጭ በሞርሳ አጥብቁት፤ ሞርሳ ከሌላችሁ አንዳችሁ ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ ያዙት። ምላጩ ሁለት ፊት አለው፦ አንዱ ወደ ጠርዙ ያዘቀዘቀ፣ ሌላው ልሙጥ። ሞረዱ የሚነካው ያዘቀዘቀውን ብቻ ነው። ፋብሪካው ያወጣለትን ዝንባሌ ተከተሉ እንጂ አዲስ አትፍጠሩለት። ሞረዱን ከወፍራሙ በኩል ወደ ስለቱ እየገፋችሁ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ አንሸራትቱት፤ ስትመልሱት ግን ከብረቱ ላይ አንሡት። ወዲያና ወዲህ የሚፈገፈግ ሞረድ ራሱ ያልቃል።

ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲያብረቀርቅ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ልሙጡን ፊት ከመሃል ወደ ጠርዙ በጥንቃቄ ብትዳብሱት ጣት ላይ የሚቆረቁር ስስ ትርፍ ብረት ታገኛላችሁ። የመሳያ ድንጋዩን በልሙጡ ፊት ላይ ጋደም አድርጋችሁ አንዴ ሁለቴ ብታሻሹት ይረግፋል። ድንጋዩን ቀና ካደረጋችሁት ግን ልሙጡ ፊት ይጎብጥና መቀሱ ዳግመኛ አይገጥምም።

ቀጥሎ ብሎኑን ተመልከቱ፤ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ሁለቱን ምላጮች የሚያያይዘው ብሎን ከላላ የቱንም ያህል ብትስሉ ቅጠሉ በመሃላቸው ይታጠፋል። አንዱን እጀታ ይዛችሁ ሌላውን ከላይ ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ጓ ብሎ ከተዘጋ ጥበቅ ይፈልጋል፤ ቀስ እያለ ወርዶ መንገድ ላይ ከቆመ ደህና ነው። በመጨረሻ የጋዜጣ ወረቀት ቁረጡበት። ሳያጥፍና ሳይቀድ እስከ ጫፉ ድረስ ከቆረጠ ዘይት ቀብታችሁ ለሥራ አውሉት። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ስለቱ ዘገም ሲል በድንጋዩ መዳሰስ፣ ሞረዱን ደግሞ ጠርዙ ሲጎዳ ብቻ ማንሣት ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። መቀስ ሲደነዝዝ ለበያጅ መስጠት የተለመደ ሆኗል። በያጁ በግራይንደር ብልጭታ እያስወጣ ይስለዋል፤ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ያ ሰማያዊ ቀለም ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬውን ማጣቱን ያሳያል። ለጊዜው ምላጭ ይመስላል፤ ብዙ ሳይቆይ ከበፊቱ ብሶ ይደነዝዛል፤ ዳግመኛ ቢሳልም አይጸናም። እባካችሁ ልጆቼ፣ ይህን ተዉ። በበጋ ጠራራ ፀሐይ መከርከምንም እንዲሁ፤ ስል መቀስ እንኳ ከዚያ ፀሐይ አያድነውም።

የሥሩ መራቆት የአከራከም ጉዳይ ነው። ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ የታችኛው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይረግፋል። ታቹን ሰፋ፣ ላዩን ጠበብ አድርጋችሁ አውጡት። ዱራንታ ከሆነ ዝናብ ሲገባ ጠለቅ አድርጋችሁ ብትቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን ከአረንጓዴው አልፋችሁ ቡናማ እንጨቱ ላይ ከቆረጣችሁት አያቆጠቁጥም፤ የተራቆተውም እንደተራቆተ ይቀራል። ይህን ለባለቤቱ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት፤ በኋላ ብትናገሩ ሰበብ ይመስላል።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ከምድር ቆሞ እጅ የሚደርስበትን አጥር በረጅም ዘንግ መከርከም ራስን መቅጣት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ከፊት ስለሆነ ትከሻ ይጨርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ አጥር ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው አጭር መከርከሚያ ይበቃል። ዘንግ የሚያስፈልገው መሰላል ለሚጠይቀው አጥር ነው። ያም ቢሆን ዱራንታ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በዝናቡ ወራት አጥሩን ወደ ሰው ቁመት ብታወርዱት የዘንጉ ወጪ ይቀርላችኋል።

በትከሻ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሣር ማጨጃ ካላችሁ አዲስ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩት። ሞተሩን ከማጨጃው ራስ የሚያገናኘው ቱቦ መሃል ላይ የሚፈታ ከሆነ የመከርከሚያውን ራስ ብቻ ገዝታችሁ ልትገጥሙበት ትችላላችሁ። ነገር ግን የቱቦው ውፍረትና የውስጠኛው ዘንግ ጥርስ ቁጥር መግጠም አለባቸው፤ ገበያ ላይ 26 እና 28 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ባለ 7 እና ባለ 9 ጥርስ ዘንግ ይገኛሉ። ሻጩ «ይገጥማል» ስላላችሁ አትመኑ፤ ማጨጃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ግጠሙት። የመከርከሚያው ራስ የሚተጣጠፍ ይሁን፤ ካልታጠፈ የአጥሩን አናት እኩል አያወጣላችሁም። በስለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ለዱራንታ ቀጫጭን ቀንበጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ቅርንጫፉ ከወፈረ 30 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ባለ ባትሪው እንግዳ ሳይረብሽ ለሆቴል ይስማማል፤ ትርፍ ባትሪ የምትገዙበት ከሌላችሁ ግን መብራት በጠፋ ቀን ሥራ ትፈታላችሁ። ዘይት ተደባልቆበት የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከገዛችሁ መመሪያውን እዩ፤ ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋሉ። ቤንዚን ብቻ ከሞላችሁበት ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። መለዋወጫ ስለት የማይገኝለትን ማሽን ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ከአጥሩ በላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ዘንግ ጨርሶ አታንሡ፤ አብዛኛው ዘንግ አሉሚኒየም ነው። ቅንጭብንም በሞተር አትንኩ፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ ሞተሩ ደግሞ በየአቅጣጫው ይረጨዋል። በእጅ ስትቆርጡትም መነጽርና ጓንት አድርጉ።

መቀሱን ስላችሁ ከከረከማችሁት በኋላም ጫፉ ከደረቀ ግምቴ ስቷል ማለት ነውና እንደገና ጻፉልኝ። ያን ጊዜ የተክሉን ስም ጨምሩ፤ የታመመውን ቅርንጫፍም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ላኩልኝ፤ በፌስታል ሲታሸግ መንገድ ላይ ይሻግታል።