"መንገዳችን ተዘጋ" ላላችሁኝ የደሴና የኮምቦልቻ ፎርባይፎር ነጂዎች

ጥቅምት ገብቶ ጭቃው ጠጠር ማለት ሲጀምር የሚመጣው ጥያቄ ዘንድሮም መጥቷል። ይሄኛው ተራራ ተከለለ፣ ያኛውም ጋር ጥበቃ ቆመ፣ ታዲያ የት እንንዳ ነው ነገሩ። ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንዳንዶቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፣ የሌሎቹም መልስ እሱ ላይ ስላለ ነው።

"ከደሴ ወደ ኩታበር ሲወጣ ገባ ብሎ ወደ ተራራው ጫፍ የሚያደርስ የድሮ መንገድ ነበረን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሃርድቶፕና በድሮ ላንድክሩዘር እንወጣው ነበር። አሁን አፉ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ 'ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ' የሚል ታፔላ ቆሟል፣ ጥበቃውም አላሳልፍም አለን። መሬት የህዝብ ነው ይባል የለ እንዴ? እኛስ ህዝብ አይደለንም?" (ከሆጤ)

ወንድሜ ህዝብማ ናችሁ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ እሱ ልክ ነው። ግን እዛው አንቀጽ ላይ ትንሽ ዝቅ ብለህ ስታነብ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከያዘው መሬት ያለመነቀል መብት አለው ይላል፣ አንቀጽ 92 ላይ ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግስትም የዜጋም ነው ይላል። እና የህዝብ ነው ማለት ማንም ደስ ባለው ሰዓት ጎማ ያሳርፍበታል ማለት አይደለም።

አሁን እዛ ተዳፋት ላይ ያለውን ነገር ልብ በል። የሰፈሩ አባወራ የራሱን ላም እንኳን አያስገባም፣ ሳሩን ሲደርስ አጭዶ በድርሻው ተሸክሞ ነው የሚወጣው፣ ላሟ ደጅ ታስራ ነው የምትበላው። ይሄ ቀላል መስዋዕትነት አይደለም፣ ሌላ ግጦሽ የሌለው ሰው ያለውን ግጦሽ ዘግቶ መቀመጡ እኮ ነው። እዛ ላይ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይዘህ ቅዳሜ ጠዋት ስትደርስ ጥበቃው ምን ይበልህ? አንተን ቢያሳልፍ ነገ ለጎረቤቱ በሬ ምን መልስ ይሰጣል?

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን የናንተም ቅሬታ መሰረት አለው። መንገድ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ማን እንደወሰነው መነገር አለበት። ወሎ ውስጥ ይሄን ታሪክ በደንብ እናውቀዋለን። ከ77ቱ ድርቅ በፊትም በኋላም በደርግ ጊዜ ብዙ ተራራ ተከልሎ ነበር፣ እርከን ተሰርቶ ችግኝ ተተክሎ፣ ግን ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ስለነበረ 1983 ላይ መንግስት ሲወድቅ ስንቱ በአንድ ሰሞን ተመነጠረ። የአካባቢው ሰው የኔ ነው ያላለው ክልከላ እንደዛ ነው የሚሆነው። አሁን የሚከለሉት ብዙዎቹ ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ ባወጣው መተዳደሪያ ደንብ ነው፣ እና ቀበሌ ሄዳችሁ ደንቡን አሳዩን በሉ፣ ወረዳ ግብርና ጽህፈት ቤት ደግሞ የተፋሰስ ባለሙያ አለ፣ እሱን ጠይቁ። መንገዱ ራሱ ነው የተከለለው ወይስ መንገዱ የተከለለውን ቦታ ጥግ ይዞ ነው የሚያልፈው? ሁለተኛው ከሆነ መነጋገር ይቻላል። የመጀመሪያው ከሆነ ግን መልሱ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው፣ ተዳፋቱ እስኪያገግም ዓመታት ይፈልጋል።

"እኔ መኪና የለኝም፣ ወላጆቼ ደሴ ዙሪያ ገጠር ነው ያሉት። ባለፈው መኪኖች ለመዝናናት ብለው መጥተው በእርከኑ ላይ ወጥተው ሄዱ። አባቴ ዝም አለ ግን በጣም አዝኗል። ለማን ነው የሚነገረው?" (ስሜ ይቆይ ያለች)

እህቴ ይሄን ስላነሳሽ ጥሩ አደረግሽ፣ ሌሎቹ ጠያቂዎች ሁሉ ይሄን ደጋግመው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

የተሰበረ የድንጋይ ካብ ቀርቦ ያላየ ሰው ምን ችግር አለው ይላል። መኪናው ያለፈበት ቦታ ላይ ሁለት ጎማ የሚያህል ክፍተት ይቀራል፣ የላይኞቹ ድንጋዮች ወደ ታች ተንከባለው ገብሱ ውስጥ ገብተዋል፣ ከካቡ ጀርባ ለዓመታት የተጠራቀመው ለም አፈር በክፍተቱ በኩል አፍጥጦ ይታያል። ዝናብ ሲመጣ በካቡ ርዝመት ሁሉ ተይዞ ቀስ ብሎ ይሰርግ የነበረው ውሃ መውጫ አገኘ ማለት ነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ በዛች ቀዳዳ ይወርዳል፣ የሚቀጥለውንም እርከን በዛው ኃይል ይመታዋል። በአንድ ክረምት ቦረቦር ይጀምራል። የጎማ ዱካም ያው ነው፣ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ የወረደ ዱካ ለጎርፍ የተቆፈረ ቦይ ነው። እዚሁ ደቡብ ወሎ ሜይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተተከለው ያለምክንያት አይደለም፣ የኛ ተራራ አፈር በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያ አካባቢ በደንብ ያውቃል።

የሚነገረው መጀመሪያ ለቀበሌው ነው፣ የመኪኖቹን ታርጋ ያየ ሰው ካለ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ስጡ። አባትሽ ዝም ቢሉም አንቺ ዝም አትበይ። ሰፈሩ ላይ ሽማግሌ ካለ በሽማግሌም ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ከክስ ይልቅ ካቡን መልሳችሁ ስሩ የሚለው ፍርድ ይሻላል።

እናንተ ነጂዎች ደግሞ ስሙኝ፣ ካብ ካፈረሳችሁ በዛው ሳምንት ተመለሱ፣ ዝናብ ሳይቀድማችሁ። ባለመሬቱን አስፈቅዳችሁ መሰረቱን ቆፈር አድርጋችሁ ትልልቁን ድንጋይ ከስር፣ ትንንሹን ከላይና ከውስጥ፣ ከጀርባው አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁ። እንዴት እንደሚደረደር ባለመሬቱ ከኔ በላይ ያሳያችኋል።

"ማታ ወይ ጎህ ሳይቀድ ብንወጣስ? ጥበቃው የለም።" (ከኮምቦልቻ)

አይሆንም። ጥበቃው ባይኖርም ዱካው ጠዋት እዛው ነው፣ እና ለሌላው ሁሉ በሩን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ።

"ወንድሜ አሜሪካ ዩታ ነው የሚኖረው፣ ጂፕ አለው፣ እዛም መንገዶቻችን እየተዘጉ ነው ብሎ ያማርራል። እነሱ በምን ይከራከራሉ? ከነሱ የምንማረው ነገር አለ?" (ከሳላይሽ)

አለ፣ በደንብ አለ። ዩታ ካለ ሞአብ የምትባለውን ከተማ አካባቢ ይሆናል፣ ለዚህ አይነት መንዳት በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ናት። እዛ በፈረንጆቹ 2023 የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ሰፊ መሬት ላይ ከ1,100 ማይል በላይ ከሚሆነው የመኪና መንገድ 317 ማይሉን ዘጋ፣ በኛ 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ነጂዎቹ ተናደዱ፣ ማህበሮቻቸውም ፍርድ ቤት ሄዱ።

ነገሩ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1972 እንደ ፈረንጆቹ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ባወጡት ትዕዛዝ በህዝብ መሬት ላይ መኪና የት መግባት እንደሚችል መስሪያ ቤቶቹ እንዲለዩ ተደረገ፣ ሲለዩም አፈሩ፣ እንስሳቱና ሌላው የመሬቱ ተጠቃሚ የሚጎዳበትን እንዲቀንሱ። በ2005 ደግሞ የደን አገልግሎቱ ካርታ ላይ ያልወጣ መንገድ ለሞተር ዝግ ነው የሚል ደንብ አወጣ። እና አንድ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ረቂቅ ይወጣል፣ ህዝብ አስተያየት ይሰጣል።

የምንማረው እዚህ ጋር ነው። "ሁሉንም ክፈቱ" ብሎ የጻፈ ሰው አስተያየት ብዙ ክብደት የለውም። የሚጠቅመው ይሄ ቁጥር ያለው መንገድ ወደዚህ ቦታ የሚያደርስ ብቸኛው ነው፣ ወንዙን የሚያቋርጥበት ቦታ እዚህ ጋር ተበላሽቷልና ወደዚህ ቢዞር ይሻላል ብሎ በዝርዝር የጻፈ ነው። እኛ አገር እንደዛ አይነት የታተመ ካርታ የለን ይሆናል፣ ግን በእጅ የተሳለ ካርታ ይዞ ቀበሌ መግባት ማንም አይከለክለንም።

"ክረምት ክረምት ይዘጋ፣ በጋ ይከፈትልን ብለን ብንጠይቅ ምክንያታዊ ነው?" (ሁለት ሰው ጠይቆኛል)

ምክንያታዊ ነው፣ ግን ወሎ መሆናችሁን አትርሱ። ሌላ አገር በጋ የሚባለው ወር እኛ ደጋ ላይ በልግ ነው፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይዘንባል፣ ገበሬውም ይዘራል። ለገበሬ "ከጥቅምት እስከ ሰኔ ክፈቱልን" ብላችሁ ከሄዳችሁ ስለመሬቱ ምንም እንደማታውቁ ያስባል፣ ልክም ነው። እህል ተሰብስቦ አውድማው ካለቀ በኋላ እስከ ጥር መጨረሻ ብትሉ ግን የሚያዳምጣችሁ ታገኛላችሁ። በልጉ ካልመጣም ተነጋግሮ ማራዘም ይቻላል። ቆላ ለምትወርዱ፣ ወደ ሀርቡና ባቲ በኩል፣ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ እዛ ያለውን ሰው ጠይቁ።

"ክፍት በሆነው መንገድ ላይ ሳናበላሽ እንዴት እንንዳ?" (ከጢጣ፣ ቪታራ ነጂ)

ከሁሉ በፊት እርጥብ ዋልካ ላይ አትግባ፣ ጥቁር አፈር ዘንቦበት ገና ካልደረቀ ረዳት ማርሽም አያድንህም፣ ዱካህ ደግሞ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይቀራል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ የጎማውን ነፋስ ቀነስ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ ወደ 20 ፒኤስአይ በቂ ነው፣ ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አይቆፍርም። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ብዙ አትቀንስ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ቫልቩ ይቀደዳል። አስፋልት ከመመለስህ በፊት ነፋሱን ሙላ፣ በተለይ ሀረጎን ወደ ኮምቦልቻ የምትወርድ ከሆነ ባነሰ ነፋስ እንዳታስበው።

ዳገቱ ላይ ረዳት ማርሹን አስቀድመህ አስገባ፣ ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ አትጨምር፣ አቁም። ጭቃ ሲያጋጥም ጥግ ጥጉን አትያዝ፣ መንገዱን እያሰፋ እርሻ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ዊንች (የመኪና መጎተቻ) ያላችሁ ደግሞ የብረት ካቦውን በቀጥታ ግንድ ላይ አታስሩት፣ ሰፊ ቀበቶ ይኑራችሁ። ጽድና ወይራ ዙሪያውን ልጡ ከተላጠ ይደርቃል፣ እና ያንን የሚያህል ጽድ ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። የጎፍ ደን አጠገብ ያላችሁ የኮምቦልቻ ልጆች ይሄን በተለይ አደራ።

"ቦረና ሳይንት ፓርክ መኪና ይዘን ብንገባ?" (ከፒያሳ)

አስፈቅዳችሁ፣ በተፈቀደው መንገድ ብቻ፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ሳር ላይ በፍጹም። ቀይ ቀበሮ ያለበት አገር ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። የሚበላው ሳሩ ስር ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩትን አይጦች ነው፣ እና መኪና ሳሩ ላይ ሲሄድ ጉድጓዱን ይደፈጥጣል። መኪናውን አቁማችሁ በእግር ሂዱ፣ ጭላዳውንም ቢሆን በእግር ነው ደህና አድርጋችሁ የምታዩት።

"በጸጥታ ምክንያት የተዘጋውስ?" (ብዙ ሰው)

እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ኬላ ላይ ተመለሱ ከተባላችሁ ተመለሱ። ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሰፈር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ለቤተሰብም የምትሄዱበትን ተናገሩ።

"ስምንት ባለመኪና ነን፣ ማህበር አቋቁመን ብንጠይቅ ይሰሙናል?" (ከኮምቦልቻ)

ማህበሩ ቆይቶ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሰዎቹን እወቋቸው። መንገዱ የሚያልፍበት ሰፈር የቅሬ (የእድር) ዳኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ቅሬው ሲሰበሰብ ሁለት ሆናችሁ ሂዱና ንገሯቸው፣ ስምንታችሁም በመኪና ግር ብላችሁ እንዳትሄዱ። ጥር ላይ ህዝቡ ለተፋሰስ ስራ ዶማና አካፋ ይዞ ሲወጣ ፒክአፕ ያላችሁ ድንጋይ አመላልሱ፣ እስከ ማታ። በዛ ቀን የምትሰሙት ስለመንገዱ ያለው እውነተኛ ቅሬታ ነው፣ የትኛው ካብ ላይ እንደተወጣ፣ የማን ማሳ እንደተነካ።

ከዛ ማመልከቻ ጻፉ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። የምትጠይቁት አንድ መንገድ ብቻ ይሁን፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር፣ በአንድ ጊዜ ስንት መኪና እንደሚያልፍ ይኑረው፣ ዝናብ ከዘነበ እንደማትሄዱ ጻፉ፣ ለጥበቃው የሚከፈል ነገር ካለ በቀበሌው ደረሰኝ እንደሚሆንም ጻፉ። አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ለወረዳው ግብርና። የስምንታችሁንም ስም፣ ስልክና የታርጋ ቁጥር ከስር አስፍሩ፣ ካብ ቢፈርስ ማንን እንደሚጠሩ እንዲያውቁ።