መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የት ነበር የሚሰበሰቡት?

በሰው ቤት ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍሽ ያገኘሽውን «300 ዓመት ሙሉ ካታኮምብ ውስጥ ተደብቀው አመለኩ» የሚለውን አውጪው። የሮም ካታኮምቦች ከመሬት በታች የተቆፈሩ መቃብሮች ናቸው። የሙታን መታሰቢያ ይደረግባቸው ነበር እንጂ የዘወትር መሰብሰቢያ አልነበሩም።

ማስረጃ ካስፈለገሽ ዱራ ኤውሮጶስን ጥቀሺ። ሶርያ ውስጥ፣ ኤፍራጥስ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። እዚያ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት በ240ዎቹ አካባቢ ጸሎት ቤት ሆኗል። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው ሰፊ አዳራሽ አወጡ። ሌላው ክፍል ውስጥ የማጥመቂያ ገንዳ ሠሩ። ግድግዳው ላይ መልካሙ እረኛ፣ አልጋውን የተሸከመው ሽባ፣ በውኃ ላይ የሚራመደው ጴጥሮስ ተሥለዋል። ከውጭ ሲያዩት ግን ያው የጎረቤት ቤት ነው! በ256 አካባቢ ፋርሶች ከተማዋን ሲከቡ ሮማውያን ቅጥሩን ለማጠናከር ቤቱን በአፈር ሞሉት። ሥዕሉም በዚሁ ተረፈ።

ለአምልኮው ሥርዓት የሁለተኛው መቶ ዘመን ክርስቲያን ጸሐፊ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ይበቃሻል። በ155 አካባቢ እንደጻፈው እሑድ ይሰበሰባሉ፣ መጻሕፍት ይነበባሉ፣ ስብከትና ጸሎት ይከተላል፣ ከዚያ ቁርባን። ላልመጡት ዲያቆናት ይወስዱላቸዋል። (ቅዳሴ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።)

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እዚህ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የአማርኛ መጻሕፍት አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በእነሱ ይጽፋል፤ የትኛው እንደሆነም ሁሌ አይነግሩሽም። ለክርስቲያኖች የአምልኮ ነፃነት የሰጠውን የሚላኖን አዋጅ አንድ ቦታ 313፣ ሌላ ቦታ 305 አይተው ሁለት አዋጅ ያደረጉት ሰዎች አጋጥመውኛል። እያንዳንዱ ቁጥር ጎን እ.ኤ.አ. ብለሽ ጻፊ።