የፕሬዝዳንት ፊት ሰርቀው «እጅ ስጡ» ቢሉስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የዩክሬን ጦርነት ሰሞን ዘለንስኪ ወታደሮቹን መሳሪያችሁን አስቀምጡ ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ አይቼ ነበር፣ በኋላ ፌክ ነው ተባለ። እንዲህ አይነት ነገር የምር ጦርነት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ ዝም ብሎ የኢንተርኔት ወሬ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ ወንድሜ ፌክ ነው፣ ዲፕፌክ የሚሉት፣ የሰው ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚሰራ የውሸት ቪዲዮ ማለት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2014 ነው የተለቀቀው፣ ሀከሮች ዩክሬን 24 የሚባል የቲቪ ጣቢያ ዌብሳይት ሰብረው ገብተው ለጠፉት፣ ቲቪው ላይ ከስር በሚያልፈው ጽሁፍም ያንኑ እጅ ስጡ የሚል መልእክት አሳለፉበት። አሰራሩ ደካማ ነበር፣ ጭንቅላቱና አንገቱ አይገጥሙም፣ ድምፁም የሱ አይመስልም። ግን በኔ እምነት ያከሸፈው እሱ ብቻ አይደለም፣ የዩክሬን መንግስት ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሊመጣ ይችላል ተጠንቀቁ ብሎ ለህዝቡ ነግሮ ነበር፣ ዘለንስኪም ወዲያው ራሱ ቪዲዮ ቀርጾ አስተባበለ። ቀድሞ የሰማ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይደነግጥም፣ ይሄ ነው ትልቁ ነገር።

ወሬ ብቻ ነው ወይ ላልከው ግን አይደለም፣ ያ ቪዲዮ ባይሳካም በኢንተርኔት የሚደረግ ሌላ ጥቃት የምር ጉዳት አድርሷል። የካቲት 17 ወረራው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ቪያሳት የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት በሀከሮች ጥቃት ተመታ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች (ከኢንተርኔቱ የሚያገናኙ መሳሪያዎች) ከጥቅም ውጪ ሆኑ፣ ጀርመን ውስጥ እንኳ በዚሁ ኢንተርኔት የሚገናኙ 5,800 የሚሆኑ የንፋስ ተርባይኖችን (በነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ማሽኖችን) ከርቀት መቆጣጠር አልተቻለም። ግንቦት ላይ የአውሮፓ ህብረት፣ አሜሪካና እንግሊዝ ጥቃቱን ያደረሰችው ሩሲያ ናት ብለው በይፋ ከሰሷት።